በጥግ የተቀመጠው ሰው

ከሲኒማ ቤት ስንወጣ የምናወራው ስለ ዋናው ጀግና፣ ስለ ፈረሱና ስለ ሽጉጡ ነው። በመጠጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ሁለት ቃል ብቻ ስለ ተናገረው ከሲታ ሰው የሚጠይቅ የለም። ዛሬ እስቲ እርሱን እናንሣው።

ስሙ ሃሪ ዲን ስታንተን ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ግዛት ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ውስጥ በምግብ አብሳይነት አገለገለ፤ ከዚያም በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ «ጋንስሞክ»ን በመሳሰሉ የቴሌቪዥን የካውቦይ ታሪኮች እየታየ ኖረ። በ1967 በወጣው «ኩል ሃንድ ሉክ» ጀግናው ፖል ኒውማን ሲሆን፣ እርሱ ጊታር ይዞ የሚያዜም እስረኛ ነበር። በ1979 በወጣው «ኤልየን» ደግሞ የጠፋች ድመት ሲፈልግ አውሬ የሚገድለው የመርከብ ሠራተኛ ሆነ።

ታዲያ በዕጣው ረክቶ ዝም አለ ማለት አይደለም። ደራሲው ሳም ሼፓርድን ባገኘው ጊዜ፣ የሚሰጡት ሚናዎች እንደ ሰለቹትና ውበት ያለበት ነገር መሥራት እንደሚመኝ ገልጦ ነገረው። በዚህም ምክንያት «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» በተባለው ፊልም ዋናው ሰው ለመሆን በቃ። ፊልሙ በ1984 በካን ከተማ ታላቁን ሽልማት ሲያገኝ ስታንተን ወደ ስልሳ ዓመት ይጠጋ ነበር። በዚህ ፊልም መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በበረሃ ይጓዛል፤ ተመልካቹም ዓይኑን ከእርሱ መንቀል ያቅተዋል። ይህን ዝምታ ከየት ተማረው ቢሉ፣ ሌሎች ሲናገሩ በጥግ ሆኖ ማዳመጥን ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቶበት ነበርና ነው።

ነገሩን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ መዝጋት በቀለለ ነበር። ነገር ግን ስታንተን ከዚያ በኋላም ወደ ትናንሾቹ ሚናዎች ተመለሰ። በ1999 በወጣው «ዘ ስትሬት ስቶሪ» አንድ ሽማግሌ የታመመ ወንድሙን ለመጠየቅ በሣር ማጨጃ መኪና ተቀምጦ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ይጓዛል። ወንድምየው ስታንተን ነው፤ የሚታየውም በመጨረሻዋ ትዕይንት ብቻ ነው። ከደጃፉ ሆኖ ያቺን መኪና ሲመለከት ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ያ እንባ ሐሰት ቢሆን ኖሮ የዚያ ሁሉ መንገድ ድካም ከንቱ በቀረ።

ስታንተን በ2017 በ91 ዓመቱ ዐረፈ፤ ለኦስካር ሽልማት አንድም ጊዜ አልታጨም። ዛሬ መዝገብ ቤት ተቀምጠህ የሰው ማመልከቻ የምትመዘግብ ወዳጄ፣ ከፍ ያለውን ቦታ መመኘትህ ነውር የለውም፤ እርሱም ተመኝቷል። ነገር ግን ከሩቅ አገር መጥቶ በመስኮትህ ፊት ለቆመው ባለጉዳይ፣ የመንገዱ ሁሉ መጨረሻ አንተ መሆንህን አትርሳ።