ነጋድራሱ ያስቀደሙት ጥያቄ

ይህ ዕትም ልብ ወለድ የለበትም፤ የታሪክ፣ የኢኮኖሚ፣ የሳይንስና የዓለም ፖለቲካ መጻሕፍትን ብቻ ይዟል። ስንጀምር ሩቅ አልሄድንም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበሩ። ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቅ ሲገባ በቅርብ ያዩ ሰው ናቸው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው መጽሐፋቸው የታተመው ግን በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ በ1916 ነው።

በዚያችው ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ ላይ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ተመርቋል። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር በተራገፈ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ ያው የነጋድራሱ ነው፦ ምን ሰጥተን ምን ተቀበልን? የኢኮኖሚ ገጾቻችን የሚከፈቱት በዚሁ ነው። የሳይንሱ ክፍል ሳስቷል፤ በአማርኛ የሚጻፈውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያው ነው።