ኮሽታ ላይ አይተኮስም

መስከረም አልፎ ዝናቡ ሲያባራ የመተማና የቋራ ቆላ በእግረኛ ይሞላል። ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ የሚወርደው ወቅታዊ ሠራተኛ (ሳሉግ)፣ ዕጣን ሊያደማ ጫካ የሚገባው፣ ማር ቆራጩ፣ ከብት ነጂው፣ እንጨት ለቃሚዋ፣ የሁሉም መንገድ የእግር ነው። ሣሩ በዚያ ሰሞን ገና አልተቃጠለም፤ ሰው ይውጣል። ጠመንጃ የያዘውም እዚያው ሣር ውስጥ ነው። አንዱ ማሽላውን ከከርከሮ ይጠብቃል፤ ሌላው ድኩላ ወይም ጅግራ ፍለጋ አድፍጧል። ሰውን አውሬ ብሎ የመተኮስ አደጋ ሲነሳ ሁልጊዜ የምንመክረው መንገደኛውን ነው፦ ተጠንቀቅ፣ ብቻህን አትሂድ፣ አታምሽ። እኔ ግን ምክሩ መጀመር ያለበት ምላጭ ላይ ጣቱን ካሳረፈው ሰው ነው ባይ ነኝ።

አደን በሕግ በሚመራባቸው አገሮችም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ የአደን ወቅት በይፋ ይከፈታል፣ በይፋ ይዘጋል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አንድ የ25 ዓመት ወጣት ቤቱ አጠገብ እንጨት ሲቆርጥ፣ የዱር አሳማ መስሎት በተኮሰ አዳኝ ተገደለ። አገሩ ተንጫጫ፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ሰክሮ ማደንን መከልከልን ያካተተ የደኅንነት ዕቅድ ይፋ አደረገ። ልብ በሉ፤ ሟቹ ለሽርሽር የወጣ ተራራ ወጪ አልነበረም። የዕለት ሥራውን የሚሠራ ሰው ነበር። የእኛም መንገደኛ እንዲያው ነው።

እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዱር እንስሳት ሕጉ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ፈቃድ ገዝቶ የሚያድነው የውጭ ሰው በብዛት የሚሄደውም ወደ ባሌና አርሲ ነው። ቋራ ላይ ያለው አልጣሽ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አደኑን አላጠፋውም፣ ደበቀው እንጂ። የተደበቀ አዳኝ ለቀበሌ አይናገርም፣ ምልክት አያቆምም፣ ድምፁን አያሰማም። ሰው ከመታ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆንና እግሬ አውጪኝ ይላል። በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስጠይቃል፤ ያቆሰሉትን ሰው ጥሎ መሄድ ደግሞ በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ጤና ጣቢያ ሩቅ በሆነበት ቆላ ቁስለኛን ትቶ መሮጥ ሁለተኛ ጥይት እንደ መተኮስ ነው።

አዳኝና መንገደኛ የት እንደሚገናኙ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም፤ ውሃ ላይ ነው። በክረምት የሚሞላው ሽንፋ ወንዝ በበጋ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። እንስሳውም ሰውም ወደዚያ ይወርዳል። ይህ የትናንት ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት በሽንፋ ዳር የኖሩ ሰዎች በበጋ ኩሬዎች ዓሣ ይይዙ፣ በዙሪያውም እንስሳ ያድኑ እንደነበር አሳይቷል። እዚያ የተገኙት ትናንሽ የድንጋይ ስለቶችም የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ያኔ የሳተ ቀስት ቅርብ ይወድቅ ነበር። የዛሬው የክላሽ ጥይት ግን ከሣሩ ማዶ ውሃ የሚቀዳውን ልጅ ያገኛል።

ኮኪት አካባቢ ማሽላ ማሳ ዳር፣ ማማ ላይ የሚያድሩ አንድ አዛውንት አጫውተውኝ ነበር። ጠመንጃው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል፣ ባትሪው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። «ልጄ፣ ኮሽ ስላለ አልተኩስም» አሉኝ። «ማነህ? እላለሁ። ደግሜ ማነህ? እላለሁ። ሰው ከሆነ ይመልሳል፤ ካልመለሰ አውሬ ነው።»

ደግ ሕግ ነው፤ ነፍስ ማትረፉንም አልጠራጠርም። ለዛሬው መተማ ግን አይበቃም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል ከገቡት፣ ኩመርና አውላላ ሰፍረው ከነበሩት መካከል «ማነህ» ሲባሉ ምን እንደተባሉ የማያውቁ ብዙ ናቸው። ከደጋ የወረደው ሳሉግም ቢሆን፣ በዚህ ዘመን ባለጠመንጃ ከጨለማ ውስጥ ሲጣራ «አቤት» አይልም፤ ሣር ውስጥ ተኝቶ ትንፋሹን ይውጣል። የዓመታት ግጭት ያስተማረው ይህንኑ ነው። ድምፅህን አሰማ ብለን ብንመክረው፣ የጠራው ማሽላ ጠባቂ ይሁን ሌላ በምን ያውቃል? ዝም ያለ ሁሉ አውሬ አይደለም።

ስለዚህ ለመንገደኛው የምለው ጥቂት ነው። አረንጓዴ ቁምጣና ካኪ ሸሚዝ ከሣሩ አይለይም፤ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ ትከሻ ላይ ጣል ይደረግ። ቢጫው ጀሪካን ከጀርባ ከሚንጠለጠል ከፊት ከፍ ብሎ ይያዝ፤ ሳሉግ ከያዘው ጓዝ ሁሉ ከሩቅ የሚታየው እሱ ነው። ኩሬ የሚወረደው ጎህ ከቀደደ በኋላና ሳይመሽ፣ በተለመደው መንገድ፣ ሰብሰብ ብሎ ይሁን።

ባለጠመንጃው ላይ ግን ግዴታ ይጣል። በዓይኑ ለይቶ ያላየውን አይተኩስ፤ ዒላማውን ብቻ ሳይሆን ከዒላማው ማዶ ያለውንም ይወቅ፤ ጠጥቶ ማማ ላይ አይውጣ። ሳሉግ የሚቀጥረው ባለሀብት ሥራ ከማስጀመሩ በፊት ጥበቃዎቹ የት እንደሚያድሩ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚኬድ ለሠራተኞቹ ይንገር። ቀበሌውም ማማዎቹ ያሉበትን ያውቃል፤ በገበያ ቀን ማስነገር አያቅተውም። ሽማግሌዎቻችንም የሚሠሩት አለ። ገድሎ ለመጣ ይፎከራል፣ ይሸለላል፤ ለይቶ ስላላየ ጠመንጃውን ያወረደውን ግን ስሙን የሚያነሳው የለም። በሰርጉም በማኅበሩም እሱም ይወደስ። ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም፤ ለዘንድሮው አጨዳ ይደርሳል።