የሠርግ ጥሪት በአሶሳ

በአሶሳና በአካባቢዋ፣ በመተከልም ሜዳ ጭምር፣ የገበሬው ሰሊጥና ማሽላ ተሰብስቦ ብር የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን፣ የክርስቲያኑ ሠርግ ደግሞ ጾመ ነቢያት በልደት ከተፈታ በኋላ፣ ከጥምቀትና ከቃና ዘገሊላ አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ተጨናንቆ የሚከናወን ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ የተደከመበት ገንዘብ በባለቤቱ እጅ ሳያድር ወደ ሰንጋ ነጋዴው፣ ወደ ድንኳን አከራዩና ወደ ልብስ ቤቱ ይሻገራል። በዚያ ወራት ሁሉም የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነገር ነውና የሰንጋው ዋጋ ይወጣል፤ የወንበሩና የድስቱ ኪራይ ይጨምራል፤ ፎቶ አንሺውም ቀኑ ተይዟል እያለ ያስለምናል። ሙስሊሙ ከረመዳን በቀር ሰፋ ያለ ጊዜ ቢኖረውም፣ ለእርሱም ቢሆን ገንዘብ የሚገኘው በመኸር ነውና ሠርጉ ከዚሁ ወቅት ብዙ አይርቅም። እንዲህ ባለው ጥድፊያ ውስጥ ማንም አስቦ አያወጣም፤ ሊያስብ የሚችለው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ጥሪት መያዝ የጀመረ ብቻ ነው።

ይህን ስል ድግስን ልነቅፍ አይደለም። ጥር 12 ቀን በሚከበረው በዓል የሚነበበው የቃና ዘገሊላ ታሪክ እንኳ የሚጀምረው የወይን ጠጅ ባለቀበት ደጋሽ ጭንቀት ነው፤ እንግዳ ጠርቶ ማዕድ የማጉደል ፍርሀት የኖረና የሚገባ ፍርሀት ስለሆነ፣ ወላጆች ስለዚህ ሲጨነቁ ከንቱ ውዳሴን የሚሹ አድርጌ አልቈጥራቸውም። የእኔ ነገር ሌላ ነው። እጮኛሞች ለሠርጋቸው የሚያስቀምጡት ገንዘብ የትዳራቸው የመጀመሪያ ሀብት ስለሆነ፣ ሁለቱም በግልጽ ሊያከማቹት፣ መጠኑንም ሁለቱ ቤተሰቦች ሊያውቁት፣ ለድግሱም ከእርሱ ላይ አስቀድሞ የተቈረጠ ድርሻ ብቻ ሊወጣለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህም በየትኛውም ክፍለ ሀገር የሚሠራ ምክር ቢሆንም፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ግን ከምክርነት አልፎ የሴት ልጅን ክብር የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

በአሶሳ ከተማ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ለሠርግ ገንዘብ ሲያስብ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ዕቁብ ነው። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ያለው፣ ዋስ የሚጠራበት፣ ዕጣ የሚወጣበት ቀደምት ሥርዓት ነው፤ ሰውም ለራሱ የገባውን ቃል ቢያፈርስ እንኳ ለወዳጆቹ የገባውን ቃል ማፍረስ ስለሚያፍር፣ ብቻውን ሊይዘው የማይችለውን ገንዘብ በማኅበር ኃይል ያጠራቅማል። 20 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ 40,000 ብር ለአንድ ሰው ይደርሳል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ያለ ወለድ እንደተበደረ ሲቈጠር፣ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ግን ለ19ኙ ባልንጀሮቹ ያለ ወለድ ሲያበድር የኖረ ሰው ነው። ሠርግ የደረሰበት ወጣት ጉዳዩን ለዳኛው ገልጦ ዕጣው እንዲሰጠው ቢለምን፣ ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው ላይ ጥቂት ብር ጨምሮ ቢገዛ፣ ብዙ ዕቁቦች አይከለክሉትም፤ ይህም ርኅራኄ ያለበት መልካም ልማድ ነው።

ነገር ግን ዕጣውን አስቀድሞ ወስዶ የደገሰ ወጣት፣ የሙሽርነቱ ወራት ካለፈ በኋላ ዕቁቡ እስኪያልቅ ድረስ በየወሩ እየጣለ እንደሚኖር ከልቡ የሚያስበው ጥቂት ነው። ሚስቱ ፀንሳ፣ የቤት ኪራይ ደርሶ፣ ለሚወለደው ሕፃን መጠቅለያ በሚፈለግበት ሰዓት፣ እርሱ ገና የተበላውን ሰንጋ ዕዳ ይከፍላል። ብዙ ጎጆ በመጀመሪያው ዓመት የሚናወጠው ከዚህ የተነሣ እንደሆነ የጎረቤት ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ እርቅ ሲጠሩ አስቀድመው የሚሰሙት የገንዘብ ክስ ነውና።

ዕጣውን እስከ መጨረሻ መጠበቅም የራሱ ጉዳት አለው። በ2014 ዓ.ም. የሀገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ባንኮች ለቍጠባ እንዲከፍሉ ብሔራዊ ባንክ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን በመጀመሪያው ወር 40,000 ብር ያወጣ የነበረው የድግስ እህልና ሥጋ፣ በ20ኛው ወር ዕጣው የደረሰውን ወጣት ወደ 60,000 ብር ተጠግቶ ይጠብቀዋል፤ ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠውም ጓደኛው ከእርሱ እምብዛም የተሻለ ዕድል የለውም። ስለዚህ ለእጮኛሞች የምመክረው፣ የሚቻል ከሆነ ዕጣውን ቀድሞ መውሰድ፣ በወሰዱትም ብር ወዲያው ዋጋው የማይወርድ ነገር፣ ማለት አልጋና ቁም ሣጥን፣ ለጎጆ የሚሆን ቆርቆሮ፣ ለገጠሩም የሚደልብ ወይፈን መግዛት፣ የሠርጉን ቀን ግን ዕቁቡ ተጥሎ ካለቀ በኋላ መቍረጥ ነው። እንዲህ የሆነ እንደሆነ ሙሽሮቹ ከዕዳ ነጻ ሆነው፣ ዕቃቸውም ተሟልቶ ይገባሉ፤ ለድግሱም በዕቁቡ ማለቂያ ከየደመወዛቸው የተረፈውን ያውላሉ።

በ1950ዎቹ በአየር መንገድ ሠራተኞች መካከል የተጀመረው የገንዘብ ቍጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርም ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ተስፋፍቶ ከደመወዝ በየወሩ እየቀነሰ ያስቀምጣል፤ ለቈጠበም ሰው ከቈጠበው በላይ ያበድራል። የመቀነሱን ሥርዓት እወድደዋለሁ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ክልል በጉባ ምድር የተሠራው ታላቁ ግድብ እንኳ ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ በተቈረጠ የቦንድ ገንዘብ ጭምር የቆመ ነውና። ለድግስ መበደርን ግን አልደግፍም።

ስለ ወርቅ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ይህ ምድር ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ ነው፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የግብጹን የመሐመድ ዓሊን ጦር ወደ ሱዳንና ወደ ቤኒሻንጉል ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ወርቅ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክም ዘመን የአሶሳው ገዥ ሼኽ ሖጀሌ አልሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። ዛሬም በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ የበርታ ሴቶች በበጋ ወራት ከወንዝ ዳር አፈር እየዛቁ፣ በገበቴ እያጠቡ ቅንጣት ወርቅ ይለቅማሉ። ወለድን ሃይማኖቱ ለሚከለክለው የበርታ ሕዝብ ወርቅ ከሁሉ ቀድሞ የታወቀ የሀብት ማኖሪያ ነበረ፤ ከወለድ ነጻ የሆነ የባንክ አገልግሎት በሀገራችን የመጣው ገና በዚህ 15 ዓመት ውስጥ ነው። ገንዘብ በሚረክስበት ዘመን በየወሩ አንድ ሁለት ግራም ወርቅ እየገዙ ማስቀመጥ ከብዙ ዓይነት ቍጠባ ይልቃል። ስለዚህ ለሙሽራዪቱ የሚደረገውን የአንገትና የጆሮ ወርቅ የሚነቅፉትን ሰዎች አልከተላቸውም። በአንድ ቀን የሚጠፋው የአዳራሽ ኪራይና የመኪና ሰልፍ ነው፤ ወርቁ ግን በክፉ ቀን ተሽጦ ልጅ ያሳክማል፣ ማሳ ያሳርሳል። በእስልምና ሕግ ደግሞ መህር የሙሽራዪቱ የራስዋ ንብረት ስለሆነ፣ አባትዋም ባልዋም ያለ ፈቃዷ ሊነኩት አይገባም፤ ይህ ሥርዓት በእውነት የተጠበቀ እንደሆነ ሴቲቱ ወደ ትዳር የምትገባው የራስዋ ጥሪት ኖሯት ነው።

ጥሪቱ በማን ስም ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በኀፍረት ይታለፋል። እጮኛዪቱ ከአነስተኛ ደመወዟ ወይም ከጉልት ንግዷ እያወጣች ለሁለት ዓመት ትሰጣለች፤ ዕቁቡ የተመዘገበው ግን በእጮኛዋ ስም ነው፤ ነገሩ ሳይሆን የቀረ እንደሆነ የሰጠችውን የምታስመሰክርበት ወረቀት የላትም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መተጫጨትና መተጫጨቱ ሲፈርስ ስለሚመለሰው ስጦታ የደነገጋቸው አንቀጾች ነበሩት፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ክፍል አስቀርቶታል። ከጋብቻ በኋላ በሥራ የተገኘ ገቢ የጋራ ሀብት ነው፤ ከጋብቻ በፊት የተገኘው ግን የየግል ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በመተጫጨትና በመጋባት መካከል ያለው ጊዜ፣ ገንዘብ ከሁሉ ይልቅ የሚከማችበት ሆኖ ሳለ፣ ሕግ በጥቂቱ ብቻ የሚጠብቀው ጊዜ ነው። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ በሁለቱ ስም የተከፈተ፣ በጣምራ ፊርማ ካልሆነ የማይንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይበቃል። የባንኩ ጥቅም በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከልና በካማሺ በደረሰው ሁከት ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ በጎተራና በበረት የነበረው የሠርግ ተስፋ ሁሉ በዚያው ቀርቷል፤ በባንክ የነበረው ግን ባለቤቱ በደረሰበት ከተማ ሊገኝ የሚችል ነበር።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልመለስ። በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ለረጅም ዘመን የኖረው የጋብቻ ሥርዓት የእኅት ልውውጥ ነበር፤ ሚስት የሚፈልግ ጐልማሳ እኅቱን ወይም ከጎሣው አንዲት ልጃገረድ ለሚያገባት ሴት ወንድም ይሰጥና የዚያን እኅት ያገባል። በዚህ ሥርዓት ልጃገረዲቱ አትጠየቅም፤ ከሁለቱ ትዳሮች አንዱ የፈረሰ እንደሆነ ሌላውም ይናወጣል፤ ልትፋታ የምትችል ሴት ስለ ወንድምዋ ትዳር ስትል መከራን ችላ ትኖራለች፤ እኅት የሌለው ወንድ ደግሞ ወይ ከዘመዶቹ ልጃገረድ ይበደራል፣ ወይ ሳያገባ ይኖራል፤ ከዚህም የተነሣ ጠብና ደም መቃባት ሲከተል ታይቷል። በየዘመኑ የነበሩ የመንግሥት ሹማምንትም፣ ሰባክያነ ወንጌልም፣ ከራሱ ከጉሙዝ ሕዝብ የወጡ የተማሩ ልጆችም ይህን ልማድ ለማስቀረት ደክመዋል። በልውውጡም ፈንታ በገንዘብና በከብት የሚከፈል ጥሎሽ በብዙ ቦታ እየተተካ መጥቷል።

ይህ መሻሻል ነው፤ ትልቅ መሻሻል ነው። አንዲት ልጅ ስለ ወንድምዋ ሚስት ተለውጣ ከመሄድ ተርፋ ትምህርት ቤት ልትቀመጥ የምትችለው በዚህ መንገድ ነውና። ነገር ግን በሴት ልጅ ቦታ ገንዘብ በተተካበት ስፍራ ሁሉ የገንዘቡ መጠን ራሱ አዲስ ቀንበር ሊሆን ይችላል። ጥሎሹ በየዓመቱ ቢንር፣ ድግሱም የከተማውን እየተከተለ ቢበዛ፣ ደመወዝ የሌለውና ማሳው ጠባብ የሆነ ወጣት ከየት ያምጣ? ሊያገኘው ካልቻለ ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል፤ ወይ የማይወጣው ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ ወይ ልጃገረድ ይጠልፋል፤ ወይም ወደ አሮጌው ልውውጥ ተመልሶ እኅቱን ከትምህርት ቤት ያስወጣታል። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር የሠርግ ወጪ ቢበዛ የሚጎዳው የሙሽሮቹ ኪስ ነው፤ በመተከልና በካማሺ ግን ወጪው ከወጣቱ አቅም ያለፈ እንደሆነ ክፍያው ተመልሶ በአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቍጠባን ከቤት አያያዝ ምክርነት አውጥቼ የፍትሕ ነገር አድርጌ የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የምጠይቀው ወላጆችንና ሽማግሌዎችን ነው። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ፣ የወንዱ ዘር ማንዘር ከሚመረመርበት ሰዓት ጥቂቱ ተቈርሶ፣ ሁለቱ ልጆች ምን እንዳጠራቀሙ፣ በማን ስም እንደተቀመጠ፣ ከዚያም ለድግስ ስንት እንደሚወጣ ይጠየቅ፤ መልሱም በሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ተጽፎ ይፈረምበት። ዕድሮች ለሐዘን ያኖሩትን ድንኳንና ድስት ለአባሎቻቸው ልጆች ሠርግ በአነስተኛ ኪራይ ቢፈቅዱ ከወጪው ብዙው ይቀልላል፤ ይህን የሚያደርጉ ዕድሮች አሉና ሌሎቹ ቢከተሏቸው መልካም ነው። ጎረቤትም እንደ ቀድሞው ውሃና እንጨት፣ እህልና እጅ ይዞ ቢመጣ፣ ደጋሹ ለቅጥር አስተናጋጅ የሚከፍለው ይተርፋል።

የጉሙዝ የጎሣ ሽማግሌዎች ደግሞ፣ ደም ለማድረቅ ተሰብስበው ቃል የሚያስሩ፣ ቃላቸውም የሚከበር ሰዎች ስለሆኑ፣ ለጥሎሹ ማንም ሊያልፈው የማይችል ወሰን ያብጁለት፤ ክፍያውም በአንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ወጣቱ በሁለትና በሦስት መኸር ከፋፍሎ እንዲከፍለው፣ ከሚከፈለውም ውስጥ ግማሹ በሙሽራዪቱ ስም በተከፈተ የቍጠባ ደብተር እንዲገባ ይወስኑ።