የተሰቀለው ፈቃድ የማን ነው?

ሥጋ ለባሽ ሁሉ በደከመ ጊዜ የሚያሽለት እጅ መሻቱ ከጥንት የኖረ ነገር ሲሆን፣ በሀገራችንም ወለምታ ያገኘው እግር፣ የወለቀ ትከሻና በእርሻ የዛለ ወገብ ወደ ወጌሻ እየቀረበ፣ በቅቤ እየታሸ፣ በቀርከሃ እየታሰረ ፈውስ ሲለምን ኖሯል። (ዛሬ የወጌሻ ስም በእግር ኳስ ሜዳ ቦርሳ አንግቦ ለሚሮጠው ባለሙያ ጭምር መትረፉ የክብሩ ምልክት ይመስለኛል።) መንግሥትም ይህን ሙያ አልናቀውም፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 100 ዘመናዊውን ሕክምና በመዝገብ ሥር ባዋለ ጊዜ፣ ሕዝቡ ዐዋቂነታቸውን የመሰከረላቸው የባህል ሐኪሞች፣ ሥራቸው ሕይወትን ለአደጋ እስካላጋለጠ ድረስ፣ እንዳይከለከሉ ደንግጎ ነበር።

የዚህ ድንጋጌ መሠረቱ የሕዝብ ምስክርነት ነው። ወጌሻው በአንድ አጥቢያ ተወልዶ ሙያውን ከአባቱ ወርሶ በዚያው ስለሚያረጅ፣ ያሰረው ክንድ ቀንቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ከልክ በላይ ጠብቆ በመታሰሩ ደም አጥቶ፣ ጠቁሮ፣ እስከ መቆረጥ ደርሶ እንደ ሆነ ገበያተኛው ሁሉ ያውቅ ነበርና፣ መዝገቡ በጎረቤት ልቡና የተጻፈ ነበረ። አዲስ አበባ ግን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ማን እንደሚሠራ ሁለተኛው ፎቅ የማያውቅባት ከተማ ሆናለች፤ ያ የቀድሞው ምስክር ሲጠፋም በቦታው ምን እንደ ተተካ አጥብቆ የጠየቀ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

በቦሌ ወይም በሃያ ሁለት ወደ አንዱ ማሳጅ ቤት የገባ ሰው ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ በመስታወት ተሸፍኖ የተሰቀለ ወረቀት ያያል፤ ማኅተሙንም አይቶ ልቡ ያርፋል። ቀረብ ብሎ ቢያነበው ግን ፎቶግራፉ የባለቤቱ፣ ቁጥሩ የግብር ከፋይነት መለያ፣ የቀረውም የንግዱ ዘርፍና የካፒታሉ መጠን ሆኖ ያገኘዋል። ይህ የንግድ ፈቃድ ነው። ስለ አከርካሪ፣ ስለ ጅማትና ስለ ደም ሥር የሚናገረው አንዳች ነገር የለም፤ ውስጠኛው ክፍል ገብታ የምታሸው ልጅ ስም እንኳ አልተጻፈበትም። የመዘናጋታችን ምንጭ ይህን ፈቃድ ከሙያ ፈቃድ ጋር አንድ አድርገን ማየታችን ነው እላለሁ።

የሁለቱን ልዩነት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ማየት ይቻላል፤ ከሩቅ ሀገረ ስብከት የመጣ ካህን፣ ጥምጥሙ ቢያምር መስቀሉም ቢያበራ፣ ክህነቱን የሚመሰክር ማስረጃ ሳያቀርብ ወደ መቅደስ ገብቶ እንዲቀድስ ሥርዓቱ አይፈቅድለትም፤ የሚጠየቀውም የመጣበት ደብር በስንት ገንዘብ እንደ ታነጸ ሳይሆን ሥልጣነ ክህነቱን ከማን እንደ ተቀበለ ነው። የማሳጅ ባለሙያም የት እንደ ተማረች፣ ለስንት ጊዜ እንደ ሠለጠነች፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን (ሲኦሲ) ተፈትና እንዳለፈች በትሕትና ብትጠየቅ ነውር የለበትም። «ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» የሚል ሰው ደግሞ ከዚህ የከበደ ዕዳ አለበት፤ ይህ ሙያ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚሰጥ የጤና ትምህርት ሲሆን፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661 የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና የሙያ ፈቃድ ሳይዝ እንዳይሠራ ከደነገገ ቆይቷልና። ፈቃዱ በራሱ ስም የተጻፈና ዘመኑ ያላለፈበት መሆኑን ማየት የደንበኛው መብት ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ቀንቷቸዋል፤ በቨርጂኒያ የነርሶች ቦርድ፣ በሜሪላንድ ደግሞ ለማሳጅ ሙያ የቆመ ቦርድ የማሳጅ ባለፈቃዶችን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስላደረገ፣ ስም ጽፎ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ማረጋገጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሆኖም ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ ቴክሳስ 500 ሰዓት፣ ኒው ዮርክ 1000 ሰዓት ትምህርት ሲጠይቁ፣ በካሊፎርኒያ የሙያው ምስክር ወረቀት በውዴታ የሚወሰድ ነው።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ከዋሽንግተን ተነሥቶ ከአሥር ሰዓት በላይ በአውሮፕላን ተቀምጦ የመጣ መንገደኛ ይበቃናል። አንደኛው ባቱ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲጫኑት የሚያመው ቢሆን፣ የመንገድ ድካም መስሎት «ጠንከር አድርገሽ እሺኝ» ይላል። በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ እንደ ሆነ ግን መታሸቱ የረጋውን ደም ከስፍራው ሊያላቅቀው፣ ያም ወደ ሳንባ ወጥቶ ሊገድለው ይችላል። በወጉ የተማረች ባለሙያ እጇን ከማሳረፏ በፊት ስለ ትኩሳት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ስብራት፣ ስለ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ትጠይቃለች፤ ባቱንም ባየች ጊዜ «ዛሬ አላሽዎትም፤ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» ብላ የዕለት ገቢዋን ትታ ትሸኘዋለች። ምንም ሳይጠይቅ ወዲያው ዘይት የሚያፈስ እጅ፣ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ እኔን ያስፈራኛል።

ይሉኝታችን ግን አንደበታችንን ይይዘዋል። ከዚያም በላይ፣ አንዳንድ ቤቶች በማሳጅ ስም ሌላ ነገር በመሸጣቸው በሙያው ላይ ሐሜት ወድቆ፣ ሰው ስለ ፈቃድ መጠየቅ ቀርቶ መግባቱን እንኳ ይደብቃል፤ የዚህም ጉዳት ከሁሉ ይልቅ የሚያርፈው በላባቸው ተምረው በንጹሕ እጅ በሚሠሩት ሴቶችና ወንዶች ላይ ነው። ስማቸውንና የምስክር ወረቀታቸውን ከንግድ ፈቃዱ ጎን መስቀል እነርሱን ከሐሜት፣ ደንበኛውንም ከጥርጣሬ ያድናቸዋል። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ለዕድሳት ሲቀርብ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ከነማስረጃቸው አብሮ እንዲያስረክብ፣ ዝርዝሩም ሕዝብ ስልክ ደውሎ በሚያጣራበት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ማዘዝ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋምን አይጠይቅም።