ደረሰኙ በማን ስም ተቆረጠ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከገበያ ገና መግባቷ ነው፤ ቅቤ ሸጣ የመለሰችው ቅል እንኳ አልታጠበም። ሁለት ወጣቶች ከበሩ ቆሙ። አንደኛው ካርቦን የገባበት የደረሰኝ ጥራዝ ይዟል። «እትየ፣ ጋሼ አሉ?» አለ። «የሉም፣ ወረታ ወርደዋል» አለችው። ለፓርቲው መዋጮ ሊሰበስቡ እንደመጡ ነገራት። አክስቴ ዞር ብላ መቀነቷን ፈታች፤ ቋጠሮው ውስጥ ያለው የቅቤው ብር ነው። ሁለት መቶ ብር ቆጥራ ሰጠችው። ልጁ ጽፎ፣ ቀዶ ሰጣትና ሄዱ። እሷ ፊደል ስላልቆጠረች ወረቀቱን ወደ እኔ ዘርግታ «እስቲ አንብቢልኝ፣ ማን ይላል?» አለችኝ። የአጎቴን ስም ከነአባቱ አነበብኩላት።

«ሴቶች ለፓርቲ ገንዘብ አይሰጡም፤ ፖለቲካው ብዙም አይስባቸውም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ደረሰኝ ትዝ ይለኛል። አባባሉን ከተማሩ ሰዎች፣ ከፓርቲ ሰዎች፣ ከሴቶችም አፍ ሰምቼዋለሁ። ማስረጃው ደግሞ መዝገቡ ነው፤ ሲገለጥ ወንድ በወንድ ነው ይሉናል። መዝገቡ ግን የሚያሳየው የተጻፈውን ስም ብቻ ነው። ብሩ ከማን መቀነት እንደተፈታ አይናገርም። መጀመሪያ የሴቷን ስም ሳይጽፉ ይቀራሉ፤ ኋላ ስሟን ከመዝገቡ ሲያጡ አልሰጠችም ይላሉ።

«የቤቱ ገንዘብ አንድ አይደለም ወይ? በአባወራው ስም ቢጻፍ ምን ይጎዳል?» የሚሉኝ አሉ። ገንዘቡስ የጋራ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉም በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ የሁለቱም ነው ይላል። ሐሳብ ግን የጋራ አይደለም። ለፓርቲ ገንዘብ መስጠት «እነዚህን እደግፋለሁ» ማለት ነው፤ ከድምፅ መስጠት የሚተናነስ ነገር የለውም። ሴት ድምፅ ለመስጠት ስትሄድ መጋረጃው ውስጥ ብቻዋን ትገባለች፤ ባሏም ተከትሏት አይገባም። ገንዘቧን ስትሰጥ ግን ከእሱ ስም ጀርባ ትቆማለች። እሱ የሚደግፈውን ፓርቲ እሷ ላትደግፈው ትችላለች። ያን ቀን አክስቴን ማንም «አንቺስ?» አላላትም። በስሟ የተጠየቀች ሴት በስሟ እንቢ ማለትም ትችላለች፤ እኔ ከመስጠቷ ይልቅ የማስበው ይሄን መብቷን ነው።

ስለዚህ ሴቶች ተጨማሪ መዋጮ ይጣልባቸው እያልኩ አይደለም። በአገራችን ከደመወዝ ሲቆረጥ የኖረው፣ በፍርሃት የሚከፈለው መዋጮ ልገሳ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። የምናገረው ፈቅዳ ስለምትሰጠው ነው።

ሴት በስሟ መስጠቷ «ባህላችን አይደለም» የሚለውን መከራከሪያ ደግሞ ጨርሶ አልቀበለውም። ነሐሴ 13 ቀን፣ የከተማችንን ስም የያዘው የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ፣ የቡሄ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ ከደጅ ይቆማሉ። ሙልሙሉን የጋገረችው ማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ምርቃቱንም ለእሷ ያወርዱታል። ስለቷ የደረሰላት ሴት ጥላ ወይም መጋረጃ ለቤተ ክርስቲያን ስታስገባ በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ ተብላ ትጠራለች፤ «የእገሌ ሚስት አስገባች» የሚል ካህን ሰምቼ አላውቅም። መንግሥትም ቢሆን ያውቅበታል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ሰፍሯል፤ ፎቶግራፋቸውም ተለጥፏል። ፋርጣና ጋይንት ላይ ለመሬት የተቻለው ነገር ለአንዲት ብጣሽ ደረሰኝ እንዴት ያቅታል?

ሴት ለፖለቲካ ገንዘብ አውጥታ አታውቅም የሚል ሰው የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን ታሪክ ይጠይቅ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ንብረታቸውን ለጦርነቱ ሰጡ፤ አዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች ገንዘብና ጥይት አሰባስበው ይልኩ ነበር። በዚህም ተይዘው አዚናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰሩ። የሰጡት በራሳቸው ስም ነው፤ የታሰሩትም ራሳቸው ናቸው።

በገንዘብ የማይተመን መስሎ የሚታለፍም አለ። ስብሰባ ሲጠራ እንጀራውን የሚጋግሩት፣ ጠላውን የሚጠምቁት፣ አዳራሹን የሚጠርጉት ሴቶች ናቸው። በ1997ቱ ምርጫ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ለፓርቲዎች ገንዘብ ሲያሰባስቡ ያዩ ሰዎች ያውቁታል፤ ጨረታው ሲጫረት በማይክሮፎን የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ስም ነው። ዶሮ ወጡን ሌሊቱን ሙሉ የሠሩት ሴቶች በጅምላ ይመሰገናሉ። የሽንኩርቱና የቅቤው ወጪ፣ የሌሊቱ ድካም የት ተጻፈ?

ይህ ልዩነት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ለምርጫ ከሚሰጠው ገንዘብ የሚበዛው በወንዶች ስም የሚገባው ነው፤ ቼኩ በተለቀ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በ1985 እ.ኤ.አ. ኤለን ማልኮልም የተባለች ሴት ጓደኞቿን ሰብስባ ኤሚሊስ ሊስት የሚባል ማኅበር አቋቋመች። ስሙ ሲተነተን «ቀድሞ የመጣ ገንዘብ እንደ እርሾ ነው» ማለት ነው። ሴቶቹ በየስማቸው ትንንሽ ቼክ እየጻፉ ለሴት ዕጩዎች ላኩ፤ በዓመቱ ባርባራ ሚኩልስኪ ለሴኔት ስትመረጥ ከረዷት አንዱ ያ ገንዘብ ነው። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይነሳ ለደብረ ታቦር ሴት ማስተማር አያስፈልግም። የእኛዋ ዕጩ ግን ለፖስተር፣ ለመኪና ኪራይ፣ ለነዳጅ ስትል ደጅ የምትጠናው ወንድ ነጋዴዎችን ነው፤ የሴቶቹ ብር ቀድሞ በባሎቻቸው ስም ሌላ ቦታ ገብቷልና።

በ2007ቱ ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 212ቱን ሴቶች ያዙ። ምርጫ ቦርድም ለፓርቲዎች የመንግሥትን ድጋፍ ሲያከፋፍል የሴት ዕጩዎችን ቁጥር ይቆጥራል። መልካም ነው። ዕጩዋን የሚቆጥር አገር ሰጪዋንም ይቁጠር። ፓርቲዎች በየዓመቱ ሒሳባቸውን ሲያስመረምሩ ከሴት ስንት፣ ከወንድ ስንት እንደገባ ለይተው ይጻፉ። ሰብሳቢውም ከበር ሲቆም መጀመሪያ በሩን የከፈተችውን ይጠይቅ።

ያን ዕለት ማታ አክስቴ ደረሰኙን አጣጥፋ ከአጎቴ ወረቀቶች መሀል ሸጎጠችው። «ስምሽ ቢጻፍበት ምን ታደርጊበት ነበር?» አልኳት። ቅሉን በሙቅ ውሃ እያለቀለቀች ትንሽ አሰበች። «ሲመጡ ይዤው እወጣ ነበር» አለችኝ፤ «ከሰጠሁማ ስለ ቦኖው ውሃ እጠይቃቸዋለሁ።»