ጠፍጣፋው ሳህን ገለልተኛ ዳኛ አይደለም

ከእርጉዝ አይጥ የተወሰደ የጡት ሕዋስ በላቦራቶሪ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ሲዘራ ወተት መሥራቱን ይተዋል። ሆርሞኑ አልጎደለበትም፣ ምግቡ ሙሉ ነው፣ ዘረመሉም ያው የቀድሞው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጆአን ኤመርማንና ዶሮቲ ፒቴልካ ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ሕዋሳት ኮላጅን በሚባለው የሰውነት ማያያዣ ፕሮቲን በተሠራ ለስላሳ ጄል ላይ ዘሯቸው። ጄሉ ከሳህኑ ጋር እንደተጣበቀ ሲቆይ ሕዋሳቱ ተለጥጠው እንደ ወረቀት ሳሱ። ጄሉን ከሳህኑ አላቅቀው በፈሳሹ ላይ ሲያንሳፍፉት ግን ነገሩ ተለወጠ። ሕዋሳቱ ጄሉን ወደ ውስጥ ጎትተው አጠበቡት፤ ራሳቸውም ቁመት አወጡ፣ ላይና ታቻቸውን ለዩ፣ የወተት ፕሮቲን መሥራት ጀመሩ። ጥጃዋን ካላየች ወተቷን የምትከለክል ላም ለሚያውቅ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም። የሚገርመው ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም አብዛኛው የዓለም ላቦራቶሪ ሕዋስን በጠፍጣፋና በደንዳና ፕላስቲክ ላይ እያሳደገ፣ ያየውን ሁሉ «የሕዋሱ ጠባይ» ብሎ መጻፉ ነው።

ይህ ልማድ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ሕዋስ የሚታዘዘው ለዘረመሉና በዙሪያው ለሚንሳፈፉ ኬሚካሎች ብቻ ነው በሚለው። እኛም በትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነው። ደብተራችን ላይ ክብ እንሠራለን፣ በመሀሉ ትንሽ ክብ እንጨምራለን፣ «ኒውክለስ፦ ሥራውን ሁሉ የሚቆጣጠር» ብለን እንጽፋለን። የዚያ ሥዕል ትልቁ ስህተት ሕዋሱ ምንም ነገር አለመንካቱ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን ተንጠልጥሏል። በሰውነታችን ውስጥ ከሚፈሰው ደም በቀር እንዲህ ያለ ሕዋስ ማግኘት ይቸግራል። የአጥንቱ፣ የጉበቱ፣ የቆዳው፣ የነርቩ ሕዋስ ሁሉ የያዘው፣ የተደገፈው፣ የሚጎትተው ነገር አለው።

እውቀቱ አዲስ ቢሆን ኖሮ ልማዱን ይቅር ማለት ይቻል ነበር። ግን አዲስ አይደለም። ሕዋስን ከሰውነት ውጭ የማሳደግን ዘዴ ከጀመሩት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን በ1914 የፅንስ ሕዋሳትን በሸረሪት ድር ላይ አስቀምጦ ነበር። ሕዋሳቱ ድሩን ይዘው ረዘሙ፣ ድሩ በሚሄድበትም ተጓዙ። የሚይዙት ነገር ካላገኙ መጓዝ አልቻሉም። ያ ጽሑፍ ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ኬሚካሉ ነው እንጂ ቅርጹ አይደለም ለሚሉ፣ በ1997 በክሪስቶፈር ቼን፣ በዶናልድ ኢንግበርና በባልደረቦቻቸው የታተመው ሙከራ በቂ መልስ ነው። የደም ሥርን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑ ሕዋሳትን በዓይን በማይታዩ ትናንሽ የሚያጣብቁ «ደሴቶች» ላይ አሰፈሯቸው። ደሴቱ ጠቦ ሕዋሱ ሲኮራመት ሞተ፤ ደሴቱ ሰፍቶ ሕዋሱ ሲዘረጋ ኖረ፣ ተባዛም። ምናልባት ሰፊው ደሴት የሚያጣብቅ ፕሮቲን ስለበዛበት ይሆናል የሚል ሊኖር ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህንንም አስቀድመው አስበውበታል። የሚነካውን ጠቅላላ ስፋት ሳይጨምሩ፣ ያንኑ በነጠብጣብ በታትነው ሕዋሱ በነጠብጣቦቹ መካከል እንዲዘረጋ አደረጉት። የዕድሜውን ነገር የወሰነው መዘርጋቱ ነበር። እኔ በዚህ መስክ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሙከራ ጥቂት ነው።

ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። በግላስጎው ማቲው ዳልቢና ባልደረቦቹ በ2007 እንዳሳዩት፣ ስፋታቸው 120 ናኖሜትር የሆነ ጉድጓዶች በፕላስቲክ ላይ ፍጹም ተሰልፈው ሲቀረጹና ከሰልፋቸው በጥቂቱ ሲዛነፉ ውጤቱ ይለያያል። በተዛነፈው ገጽ ላይ የተቀመጠ፣ ሥራው ገና ያልተለየለት ስቴም ሴል፣ ለዚህ ተብሎ የሚጨመረው መድኃኒት ሳይጨመርለት ወደ አጥንት ሕዋስነት ያመራል። መንገዱም ምስጢር ሆኖ አልቀረም፤ ሕዋሱ ገጹን በፕሮቲን እጆቹ ይይዛል፣ በውስጥ ክሮቹ ይጎትታል፣ ውጥረቱም እስከ ኒውክለሱ ደርሶ የሚበሩና የሚጠፉ ዘረመሎችን ይለውጣል።

እንግዲህ የላቦራቶሪው ፕላስቲክ ከአንጎል ሥጋ በሚሊዮን እጥፍና ከዚያም በላይ ደንዳና ነው። በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የተዘረጋ ሕዋስ ያለማቋረጥ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ተመራማሪው ግን ትእዛዙን አልሰጠሁም ብሎ ያምናል።

ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ታማሚው ነው። በ1992 ከተመራማሪዋ ሚና ቢሰል ቡድን የወጣ ጥናት እንዳሳየው ጤነኛና ካንሰር ያለበት የጡት ሕዋስ በፕላስቲክ ላይ ሲያድጉ ለመለየት ያስቸግራሉ። በለስላሳ ጄል ውስጥ ሲቀመጡ ጤነኛው ትንሽ ክብ ቅርጽ ሠርቶ ማደጉን ያቆማል፤ ካንሰሩ ያለ ሥርዓት መከመሩን ይቀጥላል። ታዲያ ጤነኛውን ከበሽተኛው በማይለይ ሳህን ላይ የካንሰር መድኃኒት መምረጥ ምን ይባላል? በሰው ላይ መሞከር ከሚጀምሩ አዳዲስ መድኃኒቶች ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ለፈቃድ አይበቁም። ጥፋቱ ሁሉ የሳህኑ ነው አልልም፤ የእንስሳት ሙከራም፣ የበሽታው ውስብስብነትም ድርሻ አላቸው። ሳህኑ ግን የመጀመሪያው ወንፊት ነው፤ ወንፊቱ ከተቀደደ በኋላ ያለው ድካም ምንኛ ያሳዝናል።

ለሳህኑ የሚከራከሩ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ርካሽ ነው፣ ለአጉሊ መነጽር ይመቻል፣ የፖሊዮ ክትባትም ያለ ሕዋስ ማሳደግ ባልተገኘ ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ጠንካራው ክርክራቸው ሌላ ነው፦ ብዙ ጊዜ በምትኩ የሚሠራበት ጄል ከአይጥ ዕጢ ስለሚወጣ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ፕላስቲኩ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው ይላሉ። አዎን፣ አንድ ነው። የተዛባ ሚዛንም ጠዋትና ማታ ያንኑ ያህል ያጎድላል፤ ማንም ነጋዴ ግን በዚህ ምክንያት ሚዛኔ ትክክል ነው ሊል አይችልም።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ዝምታው ነው። የጥናት ጽሑፎችን የዘዴ ክፍል አንብቡ። ሴረሙ ከየት እንደተገዛ፣ አንቲባዮቲኩ ስንት እንደሆነ፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ መሆኑ ተጽፏል። ሕዋሱ የቆመበት ገጽ ምን ያህል ደንዳና እንደሆነ፣ ለስላሳ ይሁን ሸካራ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል አታገኙም። የመጽሔት አዘጋጆች ይህን ሳይጠይቁ ማሳለፋቸው ጥፋት ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ባዮቴክኖሎጂ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ይህ የሀብታም ላቦራቶሪ ቅንጦት ነው የሚላችሁን አትስሙ። ኮላጅን ከአይጥ ጅራት በቀላል አሲድ ይወጣል፤ ኤመርማንና ፒቴልካ የሠሩበት ጄልም ከዚያው የመጣ ነው። ሁለት ሳህን አዘጋጁ። አንዱን ጄል እንደተጣበቀ ተዉት፣ ሌላውን አላቅቁት። የምትፈትኑትን መድኃኒት በሁለቱም ላይ ሞክሩ፤ ሁለቱን ሳታነጻጽሩ ስለ መድኃኒቱ አንድ መስመር እንኳ አትጻፉ።