ሆርሞንን ከከረሜላ ጋር ማን ደረደረው?

ሜላቶኒን ቫይታሚን አይደለም፤ ሆርሞን ነው። ሲጨልም በአንጎላችን መሃል ያለች አንዲት ትንሽ እጢ ታመነጨዋለች፤ እሱም «መሽቷል» የሚለውን ወሬ ለመላ ሰውነት ያደርሳል። ወሬው ልብና ደም ሥሮች ዘንድም ይደርሳል። ማታ ማታ የደም ግፊታችን ዝቅ ሲል የእሱም እጅ አለበት።

እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ ይህ ሆርሞን ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ እንጆሪ እንጆሪ እያለ፣ እንደ ከረሜላ ይታኘካል። ጠያቂ የለውም። እንግሊዝ ውስጥ የሐኪም ማዘዣ የሚጠየቅበት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ የሰፕልመንት ሕግ ነው፤ አምራቹ ዕቃውን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ፍቱንነቱን ለተቆጣጣሪው እንዲያስመሰክር አይገደድም። በ2023 ተመራማሪዎች 25 የሚታኘኩ ዓይነቶችን ሲመረምሩ በ22ቱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አልገጠመም። አንዱማ ጭራሽ ሜላቶኒን አልነበረበትም፤ ሌላው ከተጻፈው ከሦስት እጥፍ በላይ ይዞ ተገኘ።

በኅዳር 2025 ደግሞ በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ላይ፣ እንቅልፍ የሚያጡ ከ130,000 በላይ ሰዎችን መዝገብ የፈተሸ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ቀረበ። ሜላቶኒን ዓመትና ከዚያ በላይ ከወሰዱት ውስጥ በ5 ዓመት የልብ ድካም የያዛቸው ከመቶ 4.6 ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 2.7 ነበሩ።

ጥናቱ ጥፋተኛው ሜላቶኒን ነው ብሎ አልፈረደም። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ልብን ይጎዳል። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ ከመደርደሪያ አንስቶ የገዛ ሰው በሕክምና መዝገብ ላይ ላይሰፍር ስለሚችል፣ «አልወሰዱም» ከተባሉት መካከል ወሳጆች አይጠፉም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው! መዝገቡ የጎደለው ሽያጩ ልቅ ስለሆነ ነው፤ የመዝገቡ ጉድለት ደግሞ ተመልሶ ለልቅ ሽያጭ ጠበቃ ይቆማል። ስንት ሕዝብ በየማታው የሚውጠው ሆርሞን በዓመታት ውስጥ ልብን ምን እንደሚያደርግ እንዲያጣራ፣ ሻጩን ያስገደደው የለም።

«ተፈጥሯዊ ነው» አትበሉኝ። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፤ እናቶቻችን ግን መጠኑን ሳያዩ አላጠጡንም፤ ሲበዛ እንደሚገድል ያውቁ ነበርና።

ጉዳዩ ደግሞ የኛም ነው። እዚህ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ቀን መተኛት ያቃተው ወገኔ ይገዛዋል፤ በየሻንጣውም አገር ቤት ይገባል። አዲስ አበባ ላሉት አክስቴም ተልኮላቸዋል። አክስቴ ለግፊታቸው ኒፌዲፒን ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የጣሊያን ጥናት ኒፌዲፒን በሚወስዱ ሕመምተኞች ላይ ሜላቶኒን ሲጨመር ግፊታቸው ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ሌሎች ጥናቶች ማታ ግፊት ይቀንሳል ያሉለት ያው ሆርሞን፣ ከዚህ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ተገለበጠ። ይህን ለአክስቴ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ጠርሙሱማ ምን ብሎ!

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሆርሞን እንደ ሆርሞን ይሸጥ፦ በፋርማሲ፣ በማዘዣ፣ ይዘቱ ተመርምሮ፣ የረጅም ጊዜ ጉዳቱም በሻጩ ወጪ ተጠንቶ። እስከዚያው፣ ወገኖቼ፣ የግፊት ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለሚወስድ ዘመድ በሻንጣ አትላኩ። ሐኪሙ «ምን ምን ትወስዳለህ?» ሲላችሁም ይህንን ሳታስቀሩ ንገሩት።